«በት» ያለ «ለት»፦ ሕግ አውጪዎች ሕግ አውጪዎችን ስለ ገደሉበት ቋንቋ

1. ጥያቄው

ሕግ የማውጣት ሥልጣን የያዙ ሰዎች እርስ በርሳቸው የተገዳደሉበት ታሪክ ለታሪክ ጸሐፊዎችና ለሕግ ሊቃውንት የተተወ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። የቋንቋ ተመራማሪዎች በጉዳዩ ላይ ቃል ስንሰጥ በአብዛኛው የምንናገረው ስለ ስድብ፣ ስለ ቅስቀሳና ስለ ጥላቻ ንግግር ነው። ይህ ትኩረት አንድ ጉድለት አለበት። ሕግ አውጪ ሕግ አውጪን ሲገድል ድርጊቱን የሚመዘግብበት ቋንቋ ስድብ የበዛበት አይደለም። ቃለ ጉባኤ፣ አዋጅ፣ መግለጫ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ የተለካ፣ ሰዋስው የጠበቀ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ሒሳችን ከስድቡ ይልቅ ወደ ሰዋስዉ መዞር ይኖርበታል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ጠባብ ነው። አንድ ምክር ቤት ወይም የምክር ቤትን ሥልጣን የያዘ አካል በገዛ አባሉ ላይ ሲነሣ ድርጊቱን በየትኛው ግስ ይናገረዋል? ባለቤቱስ ማን ነው? ተጎጂው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የት ይቀመጣል? ዋናው ማስረጃ ከ1966 እስከ 1970 ዓ.ም. ባሉት የደርግ ዓመታት ከተለመደው ይፋዊ አማርኛ የተወሰደ ነው። ለማነጻጸሪያ ይህ ጥናት በሚወጣባት በካርቱም ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሱዳን የሕግ አውጪ ምክር ቤት የሆነው ይታያል። ከዚያ በኋላ ቃላቱ በቅርብ ዓመታት የት እንደ ደረሱ፣ በመጨረሻም መዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ተርጓሚዎች ምን ማድረግ እንደሚገባን ይነገራል። የኢትዮጵያ ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የሱዳንና የሌላው ዓለም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የማቀርበው ክርክር በአጭሩ ይህ ነው። አማርኛ ለፍርድ ሁለት መውጫ ሰጥቶታል፤ «ተፈረደበት» እና «ተፈረደለት»። «እርምጃ ተወሰደበት» የሚለው አነጋገር ግን «ለት» የለውም። አንድ ሕግ አውጪ አካል «ለት» የሌለውን ግስ ለአባሎቹ መጠቀም በጀመረበት ቀን ሕግ አውጪ መሆኑ አብቅቷል፤ አዋጆቹ ከዚያ በኋላ መታተማቸውን ቢቀጥሉም።

2. አካልና አባል

«አባል» በግእዝም በአማርኛም መጀመሪያ የሰውነት ክፍል ነው። እጅ አባል ነው፣ እግር አባል ነው። ዐረብኛው «ዑድው» እንዲሁ የሰውነት ክፍልንም የማኅበር ተሳታፊንም ይጠራል። በሁለቱም ቋንቋዎች ምክር ቤት በቃሉ ውስጥ እንደ አንድ ገላ ተስሏል። ምስሉ የሚያጽናና ነው፤ እጅ እግርን አይጠላምና። አደጋ ግን አለበት፤ የታመመ አባል ይቆረጣል፣ የቆረጠውም ሐኪም ይባላል እንጂ ገዳይ አይባልም።

«ደርግ» ራሱ ከግእዝ የመጣ ቃል ሲሆን ፍቺው ሸንጎ፣ ኮሚቴ ማለት ነው። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ የጦር ክፍሎች የተወከሉ ወታደሮች የተሰበሰቡበት አስተባባሪ ኮሚቴ በዚህ ስም ታወቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርጉ በአዋጅ ቁጥር 1 ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረደ፤ የ1948ቱን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አገደ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችንም ዘጋ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጣው አዋጅ የደርጉ አዋጅ ሆነ። ደርጉን እዚህ ላይ «ሕግ አውጪ» ብሎ መጥራት ማሞካሸት አይደለም፤ የያዘውን ሥልጣን በስሙ መጥራት ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት «ስልሳዎቹ» በመባል የሚታወቁት ሰዎች ተገደሉ። ከመካከላቸው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ ለዓመታት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ሌተና ጄኔራል ዓቢይ አበበ ይገኙበታል። የደርጉ የራሱ ሊቀ መንበር የነበሩትና ቀደም ሲል በዚያው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የተቀመጡት ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም በዚያው ሌሊት በቤታቸው በተኩስ ሞቱ። ዝቅተኛ ማዕረግ የነበራቸው የደርግ አባላትም በሟቾቹ ዝርዝር ውስጥ አሉ። አዲሱ ሕግ አውጪ የቀድሞውን ሕግ አውጪና የራሱን አባላት በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ገደለ።

ከዚህ ሌሊት ቀደም ብሎ ደርጉ ሁለት ሕጎች አውጥቶ ነበር፤ የልዩ ጦር ፍርድ ቤት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 7/1967 እና የልዩ ወንጀለኛ መቅጫ አዋጅ ቁጥር 8/1967። ሁለቱም ከባድ ሕጎች ናቸው። ቢሆንም ሕግ ናቸው፤ ተከሳሽ፣ ክስ፣ ዳኛ የሚባሉ ቃላት አሏቸው። ደርጉ በገዛ እጁ የጻፋቸውን እነዚህን ቃላት አልተጠቀመባቸውም። ግድያው «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ተባለ። «ውሳኔ» የሸንጎ ቃል ነው፤ «ፖለቲካዊ» የሚለው ቅጽል ደግሞ ውሳኔውን ከፍርድ የሚለየው ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ፍርድ ቤት የማያስፈልገው፣ ግን የፍርድ ቤትን ያህል የሚከብድ አዲስ ነገር ተፈጠረ።

ሁለተኛው ጊዜ ጥር 1969 ዓ.ም. ነው። በታኅሣሥ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 108/1969 የደርጉን ሥልጣን ለጠቅላላ ጉባኤ፣ ለማዕከላዊ ኮሚቴና ለቋሚ ኮሚቴ አከፋፍሎ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ሥልጣን አጠበበ። ከአዋጁ ጀርባ ከነበሩት ሰዎች ዋናዎቹ ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌና ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤል ነበሩ። አምስት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ሁለቱ ከሊቀ መንበሩ ከብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ፣ ከሌተና ኮሎኔል አሥራት ደስታ፣ ከሌተና ኮሎኔል ኅሩይ ኃይለ ሥላሴና ከሌሎች ጋር በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተገደሉ። ሕጉን የጻፉት በሕጉ ምክንያት ሞቱ። ኅዳር 1970 ዓ.ም. ደግሞ ምክትል ሊቀ መንበሩ ሌተና ኮሎኔል አጥናፉ አባተ ተራ ደረሳቸው።

3. «ተገደለ»፣ «ተፈረደበት»፣ «እርምጃ ተወሰደበት»

ሦስቱን አነጋገሮች ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

(1) ተገደለ።
(2) ተፈረደበት።
(3) እርምጃ ተወሰደበት።

በ(1) ግሱ ተገብሮ ነው፤ ገዳዩ አልተጠቀሰም። ሟቹ ግን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው። አድማጭ ወዲያው «ማን ገደለው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ የግሱ ገቢር ቅርጽ ቅርብ ነውና።

በ(2) ተጎጂው ባለቤት አይደለም። «-በ-» የምትለው ምዕላድ በግሱ ላይ ገብታ ከእርሷ ቀጥላ «ት» ትመጣለች፤ ያ «ት» ነው ሰውየው። ይሁንና «ፈረደ» የሚለው ግስ ባለቤቱን ከራሱ ጋር ይዞት ይዞራል። የሚፈርድ ዳኛ ነው፤ ዳኛ ባይጠቀስም በግሱ ውስጥ አለ። ከዚህም በላይ «ተፈረደለት» የሚል እኩያ አለው። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ችሎት ሲገቡ ምዕላዷ የማንኛቸው እንደምትሆን አይታወቅም። ፍርድን ፍርድ የሚያደርገው ይህ አለመታወቅ ነው። በቅሎን ከጭብጦ የሚያነጻጽረው የአገራችን ተረት፣ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው፣ የሚናገረው ይህንኑ ነው። በቅሎዋ የሄደችው «ለት» ሊሆን ይችል በነበረ ችሎት ነው፤ ጭብጦዋ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘችም።

በ(3) ባለቤቱ እርምጃው ራሱ ነው። ዳኛ የለም፣ ተኳሽ የለም፣ ሟችም ባለቤት አይደለም። ግሱ «ወሰደ» ነው፤ ማንም ምንንም ሊወስድ ስለሚችል የወሳጁን ማንነት አይጠቁምም። ወደ ገቢር ሲመለስም አብዛኛውን ጊዜ «እርምጃ ወሰዱበት» ይሆናል፤ «እነማን?» ለሚለው መልስ የሌለው የብዙ ቁጥር ነው። የሰውየው ድርሻ ያቺው አንዲት «ት» ብቻ ናት። ከእርሷ ቀድማ ያለችው «በ» ደግሞ ልትለወጥ አትችልም። አንድ ችግር «እርምጃ ተወሰደለት» ሲባል ሊሰማ ይችላል፤ የፈረሰ ድልድይ ወይም የተቋረጠ ውሃ በዚህ ይነገርለት ይሆናል። ስለ አንድ ሰው፣ በዚያ ዘመን ፍቺው፣ «እርምጃ ተወሰደለት» ያለ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ዓረፍተ ነገሩ ሲጀመር ውጤቱ አልቋል።

የቃሉ ምንጭም ይናገራል። «እርምጃ» የወጣው ከ«ተራመደ» ነው፤ የመጨረሻው «ድ» ወደ «ጅ» ተላንቅቋል። የእግር ቃል ነው። የዘመኑ መፈክር «ኢትዮጵያ ትቅደም» እንዲሁ የጉዞ ቃል ነው። መቅደም ካለ መንገድ አለ፣ መንገድ ካለ እርምጃ አለ፣ እርምጃው ያረፈበት ሰው ደግሞ መንገድ ላይ የተገኘ ነገር ይሆናል። ምስሉ ወደ ፊት የሚሄድ ስለሆነ የሞተውን ዞሮ ለማየት ቦታ የለውም።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ልጨምር። ለስልሳዎቹ የሚስማማው ቅርጽ «ተወሰደባቸው» ነው። «-አቸው» በአማርኛ ብዛትንም አክብሮትንም ያመለክታል። ስለዚህ አንድ ዜና ስለ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ «እርምጃ ተወሰደባቸው» ሲል ሰዋስዉ አንቱታውን ሳይነካ ሞቱን ይነግረናል። ስለ ብዙዎች ሲናገር ደግሞ አክብሮቱ የቱ፣ ቁጥሩ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ቋንቋው ትሕትናውን ሳይጥስ የሚገድልበት ቦታ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። በዚያ ዘመን «እርምጃ» ምን ማለት እንደሆነ ያላወቀ አልነበረም፤ ታዲያ ቃሉ ምንን ደበቀ? ልክ ነው፤ ሞትን አልደበቀም። ለዚህ ነው «ማለዘቢያ ቃል» የሚለው የተለመደ ስያሜ አጥጋቢ የማይሆነው። ማለዘቢያ ቃል መራራውን ነገር ያርቃል፤ «አረፈ»፣ «ተለየ» የሚሉት እንደዚያ ናቸው። «እርምጃ» ግን ሞቱን በግልጽ እየተናገረ ሁለት ሌሎች ነገሮችን ከሰዋስዉ አወጣ፤ ገዳዩንና ፍርዱን። አድማጭ ሰው መሞቱን ያውቃል፤ ማን እንደገደለና በምን ፍርድ እንደሆነ ለመጠየቅ ግን የሚይዘው የዓረፍተ ነገር ክፍል አያገኝም።

ቃሉ የአንድ ወገን ሆኖ አልቀረም። የኢሕአፓ የከተማ ቡድኖች የፈጸሟቸው ግድያዎችም በዚሁ ቃል ተጠርተዋል። ቀይ ሽብር ሲታወጅ «ነጻ እርምጃ» የሚለው ተከተለ። «ነጻ» የሚለው ቅጽል በአማርኛ ከጥፋተኝነት ለተላቀቀ ተከሳሽ የሚሰጥ ነው፤ ተከሳሹ «ነጻ ወጣ» ይባላል። በ«ነጻ እርምጃ» ግን ነጻ የወጣው ገዳዩ ነው፤ ነጻነቱም ከመጠየቅ ነጻ መሆን ነው። በሸንጎ አዳራሽ ለአባላት የተፈጠረው ሰዋስው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ቀበሌ ወረደ። የሕግ አውጪዎች የእርስ በርስ ግድያ የእነርሱ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም የምንለው ለዚህ ነው። አባሉን «እርምጃ ተወሰደበት» ብሎ ያለፈ ምክር ቤት ያንኑ ግስ ለአገሬው ያስተምራል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው የሩቅ ታሪክ የፈረንሳይ አብዮት ጉባኤ ነው። በ1793 እ.ኤ.አ. የጂሮንድ ወገን የሆኑ የጉባኤው አባላት ተሰየፉ። በሐምሌ 1794 እ.ኤ.አ. ሮብስፒየርና ባልደረቦቹ በዚያው ጉባኤ «ከሕግ ውጪ» ተብለው ታወጀባቸው፤ ስለዚህም ማንነታቸው ከተረጋገጠ በኋላ ክርክር ሳይደረግ በማግስቱ ተገደሉ። በአማርኛ «ሕግ አውጪ» እና «ከሕግ ውጪ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። የፈረንሳዩ ጉባኤ ያደረገው የሁለቱን ርቀት በአንድ ቀን ማጥፋት ነው፤ ትናንት ሕግ ያወጣ የነበረ ዛሬ ከሕግ ወጣ። ያም ሆኖ «ከሕግ ውጪ» የሚለው ብያኔ ቢያንስ አዋጅ ነበረ። «እርምጃ» ግን አዋጅ እንኳ አያስፈልገውም።

4. ካርቱም፦ «ሐል» እና «ተቅሪር»

የሱዳኑ ታሪክ የሚለየው በአዳራሹ ውስጥ ደም ሳይፈስስ በመጀመሩ ነው። ከጥቅምት 1964 እ.ኤ.አ. ሕዝባዊ አመጽ በኋላ በ1965 በተደረገው ምርጫ ለተመራቂዎች ከተመደቡት 15 መቀመጫዎች 11ዱን የኮሚኒስት ፓርቲው ወገን አሸነፈ። በኅዳር ወር የሕግ አውጪ ጉባኤው ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ፓርቲውን አገደ፤ በታኅሣሥ ኮሚኒስት እንደራሴዎችን ከአዳራሹ አስወጣ።

ለፓርቲው የዋለው የዐረብኛ ቃል «ሐል» ነው። «ሐል» መፍታት ነው፤ የታሰረን ቋጠሮ መፍታት፣ ማኅበርን ማፍረስ፣ ለችግርም መፍትሔ መስጠት በአንድ ቃል ይጠራሉ። «የፓርቲው ሐል» ሲባል የዐረብኛ ጆሮ መፍረስንም መፍትሔንም ባንድ ላይ ይሰማል። አማርኛ እነዚህን በሁለት ግሶች ይለያቸዋል፤ ችግር ይፈታል፣ ምክር ቤት ይበተናል። «በተነ» የሚለው የዘርና የአመድ ግስ ነው፤ የተበተነ ነገር እንደ ጠፋ ያስታውቃል፣ መፍትሔ ነኝ አይልም። ይህን የምለው አንዱ ቋንቋ ከሌላው ይበልጣል ለማለት አይደለም፤ አማርኛ ያመለጠውን ወጥመድ በ«እርምጃ» ወድቆበታልና።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1966 እ.ኤ.አ.፣ የሱዳን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማሻሻያውን ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ሲል ፈረደ። የሳዲቅ አል ማህዲ መንግሥት ፍርዱን አልፈጸመም። የተሰጠው ምክንያት ለሰዋስው ተመራማሪ የሚደንቅ ነው፤ ፍርዱ «ሑክም ተቅሪሪ» ነው ተባለ፤ ይገልጻል እንጂ አያስገድድም ለማለት ነው። «ተቅሪር» በዐረብኛ ሪፖርት ነው፤ መወሰንም ነው። በዚያው ዘመን የደቡብ ሱዳን ፖለቲከኞች ሲጠይቁት በነበረው «ተቅሪሩል መሲር» ውስጥ፣ የራስን ዕድል በራስ መወሰን በሚለው፣ ቃሉ የመጨረሻውን የመወሰን ሥልጣን ያመለክታል። አንዱ ስም ለአንዱ ጆሮ ውሳኔ፣ ለሌላው ጆሮ ወረቀት ሆነ። ፍርድ ቤቱ ለተባረሩት እንደራሴዎች «ለት» ሰጥቶ ነበር፤ መንግሥቱ ሰዋስዉን ሳይክድ ፍቺውን ነጠቀው። ዋና ዳኛው ባቢከር አወደላ በ1967 እ.ኤ.አ. ሥራቸውን ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው «ቃል ብቻ ነው» ለሚሉ መልስ ይሆናል። ከኮሚኒስት ፓርቲው መሪዎች ዋናው አብዱል ኻሊቅ ማህጁብ በ1968 እ.ኤ.አ. ከኦምዱርማን ተመርጦ ወደ ጉባኤው ገባ። በዚያው ዓመት በግንቦት የደቡቡ መሪ ዊሊያም ዴንግ ከምርጫው ጋር በተያያዘ ጉዞ ላይ ከባልደረቦቹ ጋር ተገደለ። በግንቦት 1969 የኒሜሪ መፈንቅለ መንግሥት ጉባኤውን ዘጋ፤ ሕገ መንግሥቱን ለመከላከል ከዳኝነት የለቀቁት ባቢከር አወደላም የአዲሱ ወታደራዊ መንግሥት የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሐምሌ 28 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. አብዱል ኻሊቅ ማህጁብ በኮበር እስር ቤት ተሰቀለ። ከ«ሐል» እስከ ገመዱ ስድስት ዓመት አልሞላም። የ1965ቱ ድምፅ ሰጪዎች ገመዱን አልፈተሉትም፤ ያደረጉት አንድ እንደራሴ በአባላቱ ድምፅ ብቻ እንደራሴነቱን ሊያጣ፣ የፍርድ ቤት ቃልም ሊታለፍ እንደሚችል ማስለመድ ነው። ወታደሩ ሲመጣ ያንን ልማድ ተቀበለ።

5. የዘመናችን ማሚቶ

ዛሬ በኢትዮጵያ ምክር ቤት ውስጥ አባል ሲነካ የሚሰማው አነጋገር «ያለመከሰስ መብት ተነሣ» ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 አንድ የምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅና አስተያየት እንደማይከሰስ፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀርም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንደማይያዝ ይደነግጋል። ይህንን ከ«እርምጃ» ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ስሕተት ይሆናል። መብት ማንሣት መግደል አይደለም፤ ድምፅ የሚቆጠርበት፣ ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት፣ ከኋላው ፍርድ ቤት የሚጠበቅበት ሥርዓት ነው። ሆኖም ሰዋስዉ ሊመረመር ይገባዋል። «ተነሣ» ማለት «አነሡት» ማለትም ነው፣ በራሱ ብድግ አለ ማለትም ነው። እንግዳ ተነሣ፣ ጉም ተነሣ፣ መብት ተነሣ። ባለቤቱ መብቱ ነው፤ አንሺው የለም፣ ሰውየውም የመብቱ ባለንብረት ሆኖ ብቻ ይጠቀሳል።

በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሲከፈት ከምርጫው ውዝግብ የተነሣ መቀመጫቸውን ሳይረከቡ የቀሩ የተቃዋሚ ተመራጮች መብት በጅምላ ተነሣ። ኅዳር 3 ቀን 2013 ዓ.ም. የ39 አባላት መብት በአንድ ቀን ተነሣ። ሁለቱ ክስተቶች በምክንያታቸውና በመጡበት ሁኔታ ይለያያሉ፤ የክሶቹን እውነትነት መመዘን የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። የሚያመሳስላቸው ጅምላነቱ ነው። ፍርድ በባሕርዩ ነጠላ ነው፤ «ተፈረደበት» ሲባል እያንዳንዷ «ት» የአንድ ሰው ናት። መብት በጅምላ ሲነሣ «በት» ወደ «ባቸው» ይለወጣል፤ በ«ባቸው» ውስጥ ደግሞ የአንዱን ሰው «ለት» መፈለግ ይከብዳል።

ስም መስጠትም እንዲሁ ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕወሓትንና ሸኔን «አሸባሪ» ሲል ሰየመ። ሕወሓት ለረጅም ዓመታት የገዢው ግንባር አካል ሆኖ በዚያው ምክር ቤት የተቀመጠ ድርጅት ነበር። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ያው ምክር ቤት ስሙን ከሕወሓት ላይ አነሣ። ለቋንቋ ተመራማሪ ይህ ብርቅ ማስረጃ ነው፤ የአንድ ቃል ፍቺ በድምፅ ብልጫ ገባ፣ በድምፅ ብልጫ ወጣ፣ ሁለቱም ቀኖች ተመዝግበው ይገኛሉ። በመካከሉ በቃሉ ተጠርተው የሞቱ፣ የታሰሩና የተፈናቀሉ ሰዎች ግን በመዝገቡ የሉም። ቃሉ «ተነሣ»፤ እነርሱ አልተነሡም።

በሱዳንም የ2019 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥታዊ ሰነድ የሽግግር ሕግ አውጪ ምክር ቤት እንደሚቋቋም ተናግሮ ነበር፤ ምክር ቤቱ ሳይሰበሰብ ቀረ። ጥቅምት 25 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ወታደሩ የሽግግሩን መንግሥት ሲያፈርስ ድርጊቱ «ተስሒሑል መሳር»፣ አቅጣጫን ማረም፣ ተባለ። እንደገና የመንገድ ቃል ነው፤ ከ«እርምጃ» ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም፣ የአስተሳሰብ ዝምድና ግን አለው። መንገድ ሲታረም የሚታየው መንገዱ ነው፤ ከላዩ የተነሡት ሰዎች አይታዩም።

6. ለመዝገበ ቃላትና ለትርጉም ሥራ

ይህ ሁሉ ለእኛ ለቋንቋ ሠራተኞች ምን ያዝዛል? መጀመሪያ መዝገበ ቃላትን እንይ። «እርምጃ» በ«ተራመደ» ሥር ተቀምጦ «መራመድ፤ አንድን ነገር ለማስተካከል የሚደረግ ተግባር» ተብሎ ብቻ ቢታለፍ፣ ፍቺው ራሱ የዘመኑን መግለጫ ሰዋስው ይደግማል። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የታየው ፍቺ ራሱን ችሎ፣ ቀኑን ይዞ፣ «ያለ ፍርድ መግደል» ተብሎ መቀመጥ አለበት። ከጎኑም «ለሰው በ«ለት» አይነገርም» የሚል የሰዋስው ማስታወሻ ያስፈልገዋል። ይህ ፖለቲካ አይደለም፤ የአጠቃቀም ገለጻ ነው።

ሁለተኛው «ዘር ማጥፋት» ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 ከብሔር፣ ከዘርና ከሃይማኖት ቡድኖች ጋር የፖለቲካ ቡድንንም ጨምሮ ነበር። የደርግ ባለሥልጣናት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ የተባሉት በዚህ አንቀጽ ነው። የአማርኛው ስያሜ ግን «ዘር» ብሎ ይጀምራል። አንድ የደርግ አባል ሌላውን፣ አንድ የፖለቲካ ቡድን ሌላውን ሲያጠፋ አንቀጹ ይይዘዋል፤ ስሙ አይይዘውም። ብዙ ሰው «ዘራቸው አንድ አይደል እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። ሕጉ ሰፊ ሆኖ ስሙ ሲጠብ ፍርዱ ከሕዝቡ ጆሮ ይርቃል።

ሦስተኛውና ለካርቱም አንባቢ የሚቀርበው ትርጉም ነው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ በገዳሪፍ፣ በከሰላና በካርቱም ብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ታሪካቸውን በአስተርጓሚ ሲናገሩ ኖረዋል። «አባቴ ላይ እርምጃ ተወሰደበት» የሚለው ቃል በቃል ወደ ዐረብኛ ሲሄድ «ኢጅራኣት» የሚለውን ያመጣል። «ኢጅራኣት» በሱዳን የቢሮ ቋንቋ የአሠራር ሂደት ነው፤ ከሥራ መታገድም፣ ቅጣት መክፈልም፣ ቅጽ መሙላትም ሊሆን ይችላል። የሚገርመው፣ ይህም ቃል ከመሮጥ ግስ የወጣ የእግር ቃል ነው። ትርጉሙ ከቃል ቃል አንጻር ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን የተገደለው አባት በመዝገቡ ላይ በሕይወት ያለ፣ ምናልባትም ቅጣት የተጣለበት ሰው ሆኖ ይቀራል። የልጁ የጥገኝነት ጥያቄ በዚያ አንድ ቃል ላይ ሊወድቅ ይችላል። እዚህ ላይ ታማኙ ትርጉም «ቁቲለ ቢላ ሙሐከማ»፣ ያለ ፍርድ ተገደለ፣ የሚለው ነው። አስተርጓሚው ይህን ከማለቱ በፊት «ማን ወሰደው? ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ከሥራው አልወጣም። ሰዋስዉ የደበቀውን ቦታ እየሞላ ነው።

ሐሳቤን የምቋጨው በአንድ የክፍል ልምምድ ነው። ለተማሪዎቻችን ከየትኛውም ዘመንና ከየትኛውም ወገን የወጣ አንድ ይፋዊ መግለጫ እንስጣቸው፤ «በት» ያለበትን ግስ ሁሉ እንዲያሰምሩበት፣ ከዚያም እያንዳንዱን ወደ «ለት» እንዲመልሱት እንጠይቃቸው። የሚመለሰው የሕግ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። የማይመለሰው ላይ ቆመው ስሙን ያጣውን ባለቤት ይፈልጉ።